አርባ የማይደፍን ቤት

በተራራማው መንደር በዐይን ዘዕሩር የጋንጡስን ቤት የማያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ መንገዱ ወደ ዛሕሌ ከተማ ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ያለው ዳቦ ቤት የእነሱ ነው። ሰው ዳቦውን ሲያመሰግን ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዚህ ቤት ወንድ ግን አርባ አይደፍንም» ይላል። ውዳድ ይህን በገዛ ጆሮዋ የሰማችው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ በተቀበረ ሳምንት ነበር። ሁለት ሴቶች ዳቦ ለመግዛት ተሰልፈው ሲያወሩ እሷ ከኋላቸው ቆማለች። አንደኛዋ ዞር ብላ ስታያት ደንግጣ ጉንጯን ሳመቻት።

አባቷ ጋንጡስ የሞተው ወይን ሲገርዝ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ምሳ ይዛለት የወጣችው እናቷ ሐኔ ከእርከኑ ግንብ ተደግፎ፣ መቀሱን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘችው፤ የተኛ መስሏት «ቀኑ መሸ እኮ፣ ሰውዬ!» ብላ ጮኸችበት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና «ሌሊቱን መድፍ ሲያጓራ አድሮ ድንጋጤ ገደለው» ተባለ። ታናሽ ወንድሙ ሐቢብ ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ፣ የፖም ሣጥን ትከሻው ላይ እንዳለ ነው የወደቀው፤ እሱን ደግሞ «በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ነው» አሉት። የወንድማማቾቹን አባትም በወጣትነቱ የበላው የሰው ዓይን ነው፤ በአገሩ የሌለ በቅሎ ነበረውና። ለእያንዳንዱ ሞት የየራሱ ምክንያት ተፈልጎ ተገኝቶለታል። ሦስቱን ሞት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ነገር ምንድነው?» ያለ ግን አልነበረም።

ሐኔ ከል እንደለበሰች የባሏን ዳቦ ቤት ተረከበች። ሁለት ልጆቿን፣ ውዳድንና የሁለት ዓመት ታናሿን ነኽሌን፣ በዱቄት አሳደገቻቸው ቢባል ይሻላል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በፊት ሊጥ ይጠፈጥፋሉ፤ ከትምህርት ቤት በኋላ ምድጃውን ይጠርጋሉ። ሐኔ አፏ ኃይለኛ፣ እጇ ለጋስ ነበረች። ዕዳ ያለበትን ሰው በአደባባይ ሰድባ፣ ማታ በጓሮ በር ዳቦ ትልክለታለች።

ይህ ቤተሰብ ሰው የሚለየው መልክ ነበረው። ከተረከዛቸው በላይ ያለው ጅማት ወፍራም ነው፤ ገመድ ቆዳ ሥር የቀበሩበት ይመስላል። የጣቶቻቸው አንጓ ላይ ደግሞ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር እብጠት አለ። የጋንጡስ እጅ እንዲያ ነበር፤ የውዳድም እጅ ገና ሃያ ሳይሞላት እንዲያ ሆነ። ነኽሌ ዘንድ ሲደርስ ጭራሽ በዓይኑ መጣ፤ ጥቁሩን የዓይኑን ክፍል ነጣ ያለ ቀለበት ከበበው። የመንደሩ ልጃገረዶች ያን ዓይን ወደዱለት። «ጨረቃ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት» ይሉት ነበር። ሐኔም ተረከዙን ባየች ቁጥር ዕንባዋ እየመጣ «ቁርጥ አባቱን!» ትላለች። ጫማ አልገባ ሲለው ኋላውን በቢላ እየቀደደች የምታሰፋለት እሷው ነበረች። ለእነሱ ይህ የዘር ማኅተም ነበር፤ የሚኮሩበት።

ነኽሌ ሸንበቆ የመሰለ ቀጭን ነው። ሲጋራ በአፉ አልዞረም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ መረብ ኳስ ሲጫወት፣ ሲዘል አየሩ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚወርድ ይመስላል። ሳቁ ከዳቦ ቤቱ ወጥቶ አደባባዩ ድረስ ይሰማል። ሚሊያ የምትባል የታችኛው መንደር ልጅ አገባ፤ ላሚስ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ውዳድም በበኩሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሩን ናዒምን አግብታ ሚርናን ወልዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከወንድሟ ጋር ዳቦ ቤቱ ውስጥ መቆሟን አልተወችም። «ባልሽ እኔ ነኝ ወይስ ነኽሌ?» እያለ ናዒም ይቀልድባታል።

ነኽሌ ሠላሳ አንድ ዓመት በሞላው ዓመት፣ በወይን መቁረጫ ወቅት፣ አንድ ጠዋት ሊጥ ሲያቦካ ድንገት እጁን ከቡሐቃው አወጣና መንጋጋውን ያዘ።

«ምነው?» አለችው ውዳድ።

«መንጋጋዬን። ወደ ክንዴም ይወርዳል።»

«ጥርስህ ይሆናላ።»

«ጥርስ ክንድ ውስጥ ይበቅላል እንዴ፣ የእናቴ ልጅ?» ብሎ ሳቀ። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል፤ የምድጃው ላብ አልነበረም። ከንፈሩም አመድ መስሏል። ደረቱ ላይ አንድ ሰው እንደተቀመጠበት ነገራት። «ያውም ወፍራም ሰው» አለ።

«ይተወኛል» ብሎ ቢከራከርም ውዳድ አልሰማችውም። ናዒምን ጠርታ በአውቶቡሱ፣ የተማሪዎቹ ደብተር ወንበር ላይ እንዳለ፣ በቅርብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ደጁ ግን በሰው ተጨናንቋል። የነኽሌን ሆድ ጫን ጫን አደረገ።

«ዕድሜህ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ታጨሳለህ?»

«ኧረ የለም።»

«ስፖርትስ ትሠራለህ?»

«መረብ ኳስ። እንደኔ የሚዘል ካለ ያምጡልኝ» አለ ነኽሌ፤ ሕመሙ በዚያች ሰዓት ጋብ ብሎለት ነበር።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ውዳድ በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ አባታችንም በወጣትነቱ ነው የሞተው» አለችው።

«በምን ሞቱ?»

«በድንጋጤ። የጦርነቱ ጊዜ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አለና ወደ ነኽሌ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይህ ጨጓራ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ አላልክም? ትኩስ ዳቦ በባዶ ሆድህ ትበላለህ። እሱን ተው።» ነጭ ሽሮፕ ጻፈለት። የልብ ምት የሚያነበውን መሣሪያ ማን ያስባል? እንዲህ ያለ ቀጭን፣ የሚስቅ ልጅ ፊት ቆሞ ሳለ።

በማግሥቱ ነኽሌ ተሽሎት ዋለ፤ ወይም ተሽሎኛል አለ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ኡም ጠኑስ መጣች። ከመንደሩ አሮጊቶች ሁሉ የሚፈራው የእሷ ምላስ ነው። አንዱን ዳቦ ገልብጣ አየችውና «ይህን ያሳረርከው ለኔ ብለህ ነው አይደል?» አለችው።

«ለአንቺማ ጥርስ ስለሌለሽ ለስለስ ያለውን ደብቄያለሁ፣ ኡም ጠኑስ።»

«ጥርስ ቢኖረኝ አንተን ነበር የምነክስህ፣ ባለጌ!»

ነኽሌ ሳቀ። እየሳቀ እጁን ወደ ዱቄት ጆንያው ሰደደ፤ ሊደገፍ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። «ውዳድ፣ ዳቦው እንዳያር» አለ። ውዳድ ረጅሙን የዳቦ ማውጫ መቅዘፊያ ይዛ ወደ ምድጃው ዞረች፤ ሁለቱን ዳቦዎች አውጥታ ስትመለስ ወንድሟ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። ኡም ጠኑስ መሬት ተንበርክካ ፊቱን በመዳፏ ይዛ «ነኽሌ፣ ቀልዱን ተው! ነኽሌ፣ እኔ አልተቆጣሁም እኮ!» ትላለች። ሐኔ ከጓሮ ሮጣ መጣች። አላለቀሰችም። ልጇን አየችው፤ ምድጃውን አየችው፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ዓይን ነው» አለ መንደሩ። «እንዲያ ያለ ዓይን ያለው ልጅ መች ይበረክታል?»

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ከሚደርሱት መካከል ዶክተር ኢንሳፍ ነበረች። ዛሕሌ የምትኖር የልብ ሐኪም ናት፤ እናቷ የዚሁ መንደር ሰው ናቸውና እሳቸውን ልትወክል ነው የመጣችው። በወጉ የሐዘንተኞቹን እጅ እየጨበጠች አለፈች፤ ሐኔን፣ ሚሊያን፣ ከዚያ ውዳድን። የውዳድን እጅ ግን አልለቀቀችም። ውዳድ «ምን ሆነች?» ብላ ቀና አለች። ዶክተሯ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ነበር። ከዚያ ዝቅ ብላ ከጥቁሩ ቀሚስ ሥር ያለውን ተረከዟን አየች።

«አባታችሁ ስንት ዓመታቸው ነበር ሲሞቱ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«አጎት ነበራችሁ?»

«ነበረን። እሱም በወጣትነቱ ነው የሞተው።»

ዶክተሯ «እህቴ፣ የዛሬው ቀን ለዚህ ወሬ አይሆንም። ሰኞ ግን እኔ ዘንድ ነይ። እባክሽ እንዳትቀሪ» አለቻት።

ሐኔ ሰምታ ነበር። እንግዳዋ ስትወጣ ጠብቃ «ሬሳ በወጣበት ቤት ሌላ በሽተኛ ልትፈልግ መጣች?» አለች። ቢሆንም ውዳድ ሰኞ ሄደች። ደም ተወሰደ፤ ልቧ ታየ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ኢንሳፍ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲያ ትታ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ ውዳድም በዚህ ብቻ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባት።

ደሟ ውስጥ ያለው ስብ ከሌላ ሰው እጥፍ በላይ ነው። ያመጣው ምግብ አይደለም፤ ከተወለደች ጀምሮ ነው። ጉበት ከደም ውስጥ ስቡን እየለቀመ ማውጣት ሲገባው፣ የእሷ ጉበት በግማሽ አቅሙ ነው የሚለቅመው፤ የቀረው በየደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ በጅማትና በአንጓ ላይም እየወጣ ይታያል። አንድ ቀን የልብን ደም ሥር ይዘጋዋል። ወንዶቹን ቀድሞ፣ ሴቶቹን ዘግየት ብሎ።

«አፍንጫ እንደሚወረስ ነው» አለቻት። «ከአባታችሁ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው፤ ይደርሰዋል ወይም ያልፈዋል። በእኛ ተራሮች ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ውዳድ። ያንቺ ቤት ብቻ አይምሰልሽ።»

«የወንድሜ ዓይን ላይ ያለው ቀለበትስ?»

«እሱም ያው ነው።»

ውዳድ ቀጥሎ የምትጠይቀውን ጥያቄ ብትውጠው ደስ ይላት ነበር፤ አልቻለችም። «መድኃኒት አለው?»

«አለው። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን። ዕድሜ ልክ።»

«ድሮም ነበረ?»

ዶክተር ኢንሳፍ መስኮቱን አየች። «ዐሥር ዓመት ሆኖታል፣ እዚህ ከመጣ።»

ውዳድ ወደ መንደሯ የተመለሰችው ናዒም እየነዳ፣ ከኋላ ልጆች እየጮኹ ነው። ናዒም በመስታወቱ እያየ «ዝም በሉ!» ሲላቸው «ተዋቸው» አለችው።

ሐኔ ዳቦ ቤቱን ከተዝካሩ በፊት ከፍታ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ካለቀስኩ አልነሳም ብላ። ልጇ ገብታ የሰማችውን ሁሉ ስትነግራት ሊጡን መጠፍጠፏን አላቆመችም። ጨርሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የሰው ዓይን አይደለም ነው የምትዪኝ?»

«አይደለም እማዬ። እርግማንም አይደለም። በሽታ ነው።»

«መድኃኒትም አለው።»

«አለው።»

«ልጄ እሱን እየዋጠ ቢሆን ኖሮ ዛሬ…» አልጨረሰችውም። ሐኔ ነኽሌ ወድቆበት ከነበረው ጆንያ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«አባትሽ የሞተ ጠዋት ተጣልተን ነበር» አለች። «በፍየል። ፍየሏን ሸጦ ሳይነግረኝ። ከበሩ ሲወጣ “ሬሳህ ይምጣልኝ!” አልኩት። ምሳ ይዤለት የሄድኩት ልታረቀው ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለቄሱም። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ በምላሴ ገደልኩት ብዬ ስኖር። ነኽሌም ሲሄድ፣ እግዜር ቀሪውን ሊያስከፍለኝ ነው ብዬ ዝም አልኩት። አሁን አንቺ መጥተሽ እርግማን አይደለም ትዪኛለሽ።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም? አንቺ አይደለሽማ እማዬ!»

«እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር!» አለች ሐኔ። «እርግማንን ማን ይመልሰዋል? ይህ ግን ዓይኔ ሥር ነበር። ተረከዙን እያየሁ “ቁርጥ አባቱን” እያልኩ፣ ጫማውን እየቀደድኩለት! በኪኒን፣ ውዳድ? በኪኒን የሚድን ልጅ ነው የቀበርኩት?»

ውዳድ ልታቅፋት ብትጠጋ ገፋቻት፤ ኋላ ግን ራሷ ጎትታ አቀፈቻት። ሁለቱም በዱቄት እጃቸው ፊታቸውን እየነኩ አለቀሱ።

የሁለቱ ልጆች ደም የተመረመረው ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነው። የውዳድ ልጅ ሚርና ነፃ ሆና ተገኘች። የነኽሌ ልጅ ላሚስ ግን ወርሳዋለች። ትንሽ ከፍ ስትል መድኃኒት ትጀምራለች ተባለ። ሚሊያ ውጤቱን ሰምታ «ያንቺስ?» አለቻት። ውዳድ ደስታዋ እንዳይሰማባት ቀስ ብላ «አልደረሳትም» አለች። ሚሊያ ግን ደግ ናት፤ «እሰይ፣ አንዷ እንኳ» አለች። ውዳድ ያን ቀን ወደ ቤት ገብታ ልጇን ታቅፋ ስትስማት፣ በር ዘግታ ነው።

ሐኔ አንድ ነገር ለመነቻት፤ ወሬው ከቤት እንዳይወጣ። «ላሚስ ሴት ልጅ ናት። ነገ ማን ያገባታል? መንደሩ ዓይን ነው ብሎ ይመን፤ ዓይን አያሳፍርም።» ውዳድ ቃል ልትገባላት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፋሪስ ታወሳት።

ፋሪስ የሐቢብ ልጅ ነው፤ የአጎቷ። አባቱ ሲሞት ገና ዳዴ ከማለት የተላቀቀ ነበር፤ የነኽሌ ጥላ ሆኖ አደገ። የዳቦ ቤቱን መኪና የሚነዳ፣ ትከሻው የበር መቃን የሚሞላ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ጎረምሳ ነው። ያኔ ከላይኛው መንደር አንዲት ልጅ አጭቶ ሠርጉ ለፀደይ ተቀጥሮለት ነበር። ውዳድ መኪናውን ሲጭን ደርሳ ሁሉንም ነገረችው።

«እጅህን አሳየኝ» አለችው።

«እጄ ምን ሆነ? የሠራተኛ እጅ ነው።»

«ተረከዝህንም አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ከኔ ጋር ዛሕሌ ውረድ። ደም ትሰጣለህ፣ በቃ።»

ፋሪስ ሙሉ ጆንያ ዱቄት ባንድ እጁ አንስቶ መኪናው ላይ ወረወረ። «ይህን በሽተኛ ያነሣዋል?»

«ነኽሌም ያነሣው ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። «ነኽሌን ከአፈሩ አታውጪው፣ እታለም። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም ይሄዳል። እስከዚያ ልኑርበት።»

አልተወችውም። ዛሬ ጠየቀችው፤ ነገ ጠየቀችው፤ ናዒምን ላከችበት፤ ቄሱን ላከችበት። መንደር ጆሮ አለው። አንድ ቅዳሜ የእጮኛው እናት ዳቦ ቤት መጡ። ዳቦ አልጠየቁም። ቆመው ጓንታቸውን እያወለቁ «ልጄ፣ አንቺ የምትዋሺ ሰው አይደለሽም ይሉኛል። ፋሪስ ላይ በሽታ አለ?» አሏት።

ሐኔ ከምድጃው በኩል በዓይኗ ለመነቻት። ውዳድ ወደ እንግዳዋ ዞረች።

«ያለበት መሆኑን አላውቅም፣ እትዬ» አለች። «እንዲመረመር ነው የምለምነው። ቢኖርበትም ኪኒን እየዋጠ ይኖራል። ሳይመረመር ነው የምፈራው።»

ሴትዮዋ ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። በሳምንቱ ቀለበቱ ተመለሰ።

ፋሪስ መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ ዱቄት በፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይቀላት ነበር። «አባቴን አላውቀውም» አላት። «ነኽሌ አባቴ ነበር፣ አንቺ እናቴ። ሞቴን ቀድመሽ ለአገር ያወጅሽው አንቺ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ስሜን እንዳትጠሪ።» ወጥቶ ሄደ። ሐኔም ወደ ልጇ ዞራ «ደስ አለሽ?» አለቻት።

ደንበኛም ቀነሰ። በዳቦ የሚተላለፍ መሰላቸው መሰል፤ ከታችኛው መንደር የሚገዙ በዙ። ኡም ጠኑስ ብቻ በየቀኑ መምጣቷን አላቋረጠችም። ሰልፍ ያለ ይመስል መሀል ወለሉ ላይ ቆማ ትጮሃለች፦ «እኔ በሰማንያ ዓመቴ የጋንጡስን ዳቦ በልቼ ካልሞትኩ፣ ማንም አይሞትም!»

ዓመታት አለፉ። ውዳድ ኪኒኗን ትውጣለች፤ ቅባት አትነካም፤ አንዳንዴ ጡንቻዋን እያመማት ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ዶክተር ኢንሳፍ ወደ መንደሮቹ እየወጣች ሰው ስትመረምር፣ ውዳድ አብራት እየሄደች ሴቶቹን ታናግራለች። አንዳንዱ ይሰማታል፤ አንዳንዱ በሩን ይዘጋባታል። የዘጉባት ቤት ለቅሶ ስትደርስ ማንም ዓይኗን አያይም።

አንድ ቀን ዛሕሌ ውስጥ መድኃኒት ቤት ገባች። ከፊቷ የቆመው ሰው ጀርባ የበር መቃን ይሞላል። ፋርማሲስቷ የምትሰጠው ካርቶን ውዳድ በየወሩ የምትገዛው ያው ካርቶን ነው። ፋሪስ ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ካርቶኑን ኪሱ ከተተ፤ ከመንገዱ ገለል እንድትልለት ጠበቀ፤ ወጣ። ውዳድ በመድኃኒት ማዘዣዋ ፈንታ የቤት ቁልፏን ለፋርማሲስቷ አቀበለቻት። «ደህና ነሽ?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ» አለች። ማታ ለናዒም ስትነግረው «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «እኔ እንጃ» አለችው።

ፋሪስ ከሩቅ አገር ሰው አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለደ። አርባ ዓመቱን ሲደፍን ሚስቱ ድግስ ደገሰች። ከጋንጡስ ቤት ሐኔ ተጠራች፤ ሚሊያና ላሚስ ተጠሩ፤ ውዳድ አልተጠራችም። ሐኔ በዚያን ጊዜ እግሯ ከድቷት ነበርና ናዒም ደግፎ አደረሳት። ስትመለስ ውዳድ ጫማዋን እያወለቀችላት «እንዴት ሆነ?» አለቻት።

«ፀጉሩ ሸብቷል» አለች አሮጊቷ። «የዚህን ቤት ወንድ ሽበት በዓይኔ አየሁ። በእጄ ዳሰስኩት። ለካ ሲሸብቱ ከግንባራቸው ነው የሚጀምራቸው።» ከዚያ «ነኽሌ አሁን አርባ ሁለት ይሆነው ነበር» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ተቀይሜሽ ነበር፤ የኔን ልጅ ሳይሆን ፋሪስን አዳነች ብዬ። ክፉ ነኝ።»

«ክፉ አይደለሽም።»

«ክፉ ነኝ። እግሬን አንሺልኝ፣ በረደኝ።»

ሐኔ በዚያው ክረምት በረዶው ሳይሟሟ ሞተች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሳንባዋ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሐዘንተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰልፈው ቆሙ፤ ናዒም፣ ውዳድ፣ ሚሊያ፣ ሚርና፣ በመጨረሻም የዐሥራ አራት ዓመቷ ላሚስ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ፋሪስ ነበር፤ ትከሻው ላይ በረዶ እንዳለ ወደ ሰልፉ መጣ። የናዒምን እጅ ጨበጠ። ውዳድ ፊት ደረሰ። አላለፋትም። እጇን ጨበጠና «የእሳቸውን ዕድሜ ለእናንተ ይጨምርላችሁ» አለ፤ ማንም ለማንም የሚለውን። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያላት ይህችን ብቻ ነው። ድምፁ ጎርናና ሆኗል።

«ለአንተም» አለችው።

አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሚሊያ አለፈ። ላሚስ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ «መድኃኒትሽን ትውጫለሽ?» አላት ቀስ ብሎ። ላሚስ አዎ አለችው። ውዳድ ሰማች፤ አልዞረችም። ከፊቷ ቀጣዩ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበርና ጨበጠችው።